ጣናን በአሮጌው መርከብና በታንኳ፦ የምዕራቡን ዳርቻ መንደሮች ማየት የሚሻ ቤተሰብ በምን ይሂድ?

ባሻወልዴ (አራት ኪሎ)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ለጥር ወር ስለማስበው የጣና ጉዞ ምክራችሁን ለመጠየቅ እጽፋለሁ። አባቴ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ደልጊ ተመድበው ነበር፤ ወደዚያም የሄዱት ከባሕር ዳር ተነሥቶ በየመንደሩ እየቆመ እስከ ጎርጎራ በሚዘልቀው መርከብ ነው። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፣ ጉልበታቸው ግን ደኅና ነው፤ «ያንን ዳርቻ አንድ ጊዜ ባየው» ማለት ካበዙም ሰነባብተዋል። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን አብረናቸው እንሄዳለን።

ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ያነጋገርኳቸው አስጎብኚዎች ሁሉ የሚያቀርቡልኝ አንድ ዓይነት ጉዞ ነው፤ ጠዋት በፈጣን ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ሁለት ገዳም መሳለም፣ ከዚያ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ አይቶ ለምሳ ባሕር ዳር መመለስ። ይህን አልነቅፍም፤ ጊዜ ለሌለው ሰው ይበቃዋል። ነገር ግን እንዲህ ሲሆን ሐይቁ መሻገሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብም ከሩቅ ታይቶ ያልፋል። ስለዚህ መርከቡ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ፣ ሽማግሌና ልጆች ይዞ መሳፈር ይቻል እንደሆነ፣ እንዲሁም በታንኳ መጓዝ ለእንደኛ ዓይነት ሰው የሚመከር መሆን አለመሆኑን የምታውቁ ብትጽፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ነጭሣር (ካዛንቺስ)

ለባሻወልዴ፤ በሥራዬ ምክንያት በዚያ ዳርቻ ስመላለስ ስለነበር ስለ መርከቡ የማውቀውን ልጻፍ። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ የየብሱም ሆነ የሐይቁ መንገድ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው የተለመደውን አሠራር ነው እንጂ ለጥር ወር ዋስትና አይደለም። ባሕር ዳር ወዳለው የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት ደውለው መርከቡ የሚነሣበትን ቀንና እስከ የት እንደሚደርስ ይጠይቁ፤ በምዕራቡ ዳርቻ የሚያውቁት ሰው ካለ ደግሞ እርሱን ሳያማክሩ አይነሡ። እስከ ባሕር ዳር ያለውን መንገድ በአውሮፕላን ቢጨርሱት ይሻላል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከመሆኑም ሌላ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ለአባትዎ ድካም ነው።

በተለመደው መርሐ ግብር መርከቡ እሑድ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ይነሣል። ዘጌና ደቅ ደሴት ቆሞ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ማታ ቁንዝላ ይደርስና እዚያው ያድራል። በማግስቱ እሰይ ደብርንና ደልጊን ነክቶ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ይገባል። ሐይቁ በረጅሙ ቢለካ ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ቀን የሚወስደው መርከቡ ስለሚያዘግምና በየወደቡ ሰውና ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ስለሚውል ነው። ለእርስዎ ግን ይህ መዘግየት ነው የጉዞው ጥቅም። በፈጣን ጀልባ የሚሄድ ሰው ቁንዝላን በስሟም አያውቃትም፤ በመርከብ የሄደ ሰው የቁንዝላን ነጋዴ፣ የደቅን ገበሬ፣ ጎንደር ሆስፒታል ሊታከም የሚሄደውን በሽተኛ አብሮት ተቀምጦ ያወጋዋል።

መርከቡ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ከላይኛው ወለል ያለው መቀመጫ ጠንካራ አግዳሚ ነው፣ ከታች የጤፍና የዳጉሳ ጆንያ፣ የቢራ ሳጥን፣ አንዳንዴም እግሯ የታሰረ ፍየል አለ። ወደቡ ሲቃረብ መርከበኛው ጥሩምባውን ይነፋል፤ ይህን ሲሰማ ከመንደሩ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ አይደለም፣ እኩሌታው ዕቃ ሊቀበል ወይም ወሬ ሊሰማ የሚመጣ ነው። መውጪያና መውረጃው አንዳንድ ቦታ ላይ ሳንቃ ብቻ በመሆኑ አባትዎን የሚደግፍ ሰው ከጎናቸው መኖር አለበት። ቁንዝላ ያለው ማደሪያም ቀላል ነው፤ አንሶላ ይዘው ቢሄዱ አይከፋዎትም። ጎርጎራ ሲደርሱ ግን በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ሪዞርት ስላለ የድካሙን ያህል ያርፋሉ፤ ከዚያ ጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ነው፣ አውሮፕላንም ከጎንደር ይሳፈራሉ።

በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጎትታ ስትመጣ አገር ጉድ ያለላትን «ጣና ነሽ ሁለት»ን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እርሷ አዲሲቱ ናት። እኔ የምናገረው ስለ ቀድሞዎቹ ነው፤ የጎርጎራ ወደብ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሠራ ወዲህ በዚህ መሥመር የሞተር ጀልባና መርከብ ሲመላለስ ኖሯል።

የዘጌ ቡና (ሠራተኛ ሰፈር)

የነጭሣር ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። መርከቡ ዘጌ የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ዘጌን በዚያ አየሁ ማለት አይቻልም። የተወለድኩበት ስለሆነ ወደራሴ የማደላ ቢመስልም፣ ዘጌ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይገባዋል።

ጎብኚ ሁሉ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ይመለሳል። ዑራ በእርግጥም የሚታይ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል፣ ትልልቆቹን የእንጨት በሮች ካህኑ እየከፈቱ በዘንግ እያመለከቱ ታሪኩን ይተርካሉ፣ ዕቃ ቤቱም የነገሥታት ዘውድ አለው። ነገር ግን ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው መንገድ የመታሰቢያ ዕቃ መደብሮች የተሰለፉበት ነው፤ መንደሩን ለማየት የሚሻ ሰው ከዚያ አልፎ በአዝዋ ማርያም አድርጎ በጫካው ውስጥ ወደ መሐል ዘጌ መዝለቅ አለበት። ጫካው ለባዕድ ሰው ዱር ይምሰለው እንጂ የቡና አትክልት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ባለቤት አለው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ስለሆነ ሰዉ የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። አባቶች ሲተርኩ አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ቆራርጠው ቢተክሉት ከዚያ ቡናና ጌሾ በቀለ ይላሉ። ትውፊቱን የፈለጉትን ያህል ይመኑት፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ግን ማረሻ ስላልገባበት መሆኑ አያጠራጥርም። ከሐይቁ ማዶ ያለውን ዳገት ተመልሰው ሲያዩት ልዩነቱን ማንም ሳይነግርዎ ይረዱታል።

አባትዎ ካልደከማቸው አፋፍ ከተማ ድረስ ይሂዱ። እዚያ ቡና የሚያፈላ ቤት አያጡም፤ ስኒውን የሚያቀርብልዎ ሰው ቡናውን ራሱ ለቅሞ ያደረቀው ይሆናል።

ቸርችል (ቸርችል ጎዳና)

ለመርከቡ ሐሳብ ድጋፌን እሰጣለሁ፤ በታንኳው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ከከተማ የሄደ ሰው ከፍሎ በታንኳ መቀመጡና ፎቶ መነሣቱ የሰውን ችግር እንደ ትርኢት መቁጠር አይሆንም ወይ? ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ሌላ ጀልባ የመግዛት ዐቅም ስለሌለው ነው እንጂ ቅርስ ልጠብቅ ብሎ አይደለም። በዚያ ላይ መጥለቅለቁ፣ ሚዛን መሳቱ አለ። «ጥንታዊ» የሚለውን ስም ስንሰጠው ለእኛ ደስ እንዲለን ያደረግነው ይመስለኛል፤ አንዲት ታንኳ ስንት ሳምንት ታገለግላለች? ጥንታዊ ጀልባ ከተባለ መርከቡ ይበልጣል።

የዘጌ ቡና (ሠራተኛ ሰፈር)

ወንድሜ ቸርችል፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አንተ እንዳስቀመጥከው አጭር አይደለም።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ከረግረጉ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይጠወልጋል፤ ጨርሶ ከደረቀ ሲያጥፉት ይሰበራል፣ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሠሪው በእጁ እየዳሰሰ መካከሉን ይፈልጋል። ከዚያ በነዶ በነዶ ተደርጎ በልጥና በደንገሉ በራሱ ቅርፊት እየተጠበቀ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ እንዲቀናም ይሳባል። ከሥረኛው አካል በላይ ሌላ የደንገል ምንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ውኃ በነዶዎቹ መካከል ቢገባም የሚቀመጠው ሰውና የሚጫነው ዕቃ ከዚያ በላይ ስለሆኑ ታንኳው እንደ እንጨት ጀልባ «ሞልቶ» አይሰጥምም። ቀዛፊው በረጅም ሽመል አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይቀዝፋል፤ ውኃው ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ ያንኑ ሽመል መሬት እያስነካ ይገፋል። ማታ ወደ ዳርቻ ተጎትቶ እንዲጠነፍፍ ይቆማል። እንዲህ ተይዞም ቢሆን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቅና ሌላ ይታሰራል።

ስለዚህ ዕድሜው ለታንኳዋ አይቆጠርም፤ ለእጁ ነው የሚቆጠረው። ይህን እጅ ከማንም በላይ ጠብቀው ያቆዩት ወይጦዎች ናቸው። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ በ1969 እ.ኤ.አ. በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ «ራ»ን ሲያሠራ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ባርቤዶስ የደረሰችው ሁለተኛዋም የታሰረችው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ነው። ዓለም ያንን ጉዞ ሲያወድስ እኛ ግን ታንኳ ሠሪውን ዝቅ አድርገን ስናይ ኖረናል። ወይጦዎች ከእርሻ መሬትም ከማኅበራዊ ክብርም ርቀው የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ደግሞ የባሕር ዳር ዳርቻቸውም እየጠበበ ነው። ስለ ክብራቸው ማሰብህን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ክብር የሚሰጠው በመሸሽ አይደለም። ሄዶ ሥራውን መጠየቅ፣ ዋጋውን ሳይከራከሩ መክፈል፣ ፎቶ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ይቻላል። ብዙ ሰው ለጀልባ አስጎብኚው ይከፍልና ለታንኳ ሠሪው ሽርፍራፊ ይወረውራል፤ አስቀያሚው ነገር ይህ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ያልከው ግን ልክ ነው። ከዘጌ ባሕር ዳር ድረስ ማገዶ ጭነው በታንኳ የሚሻገሩ ሰዎች ሳይ ነው ያደግኩት፤ እነርሱ ግን ነፋሱን ያውቁታል። ባሻወልዴ ልጆቹን ይዘው ወደ ክፍት ውኃ እንዳይገቡ። ከዳርቻ ሳይርቁ፣ ማለዳ፣ አንድ ቀዛፊ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ትንሽ ዞር ዞር ቢል በቂ ነው። ከመሳፈሩ ይልቅ ሲታሰር ቁጭ ብሎ ማየቱን እመርጥላቸዋለሁ፤ ልጆቹም ከዚያ የበለጠ ይማራሉ።

ቸርችል (ቸርችል ጎዳና)

ሲታሰር ማየቱን እቀበላለሁ። በመሳፈሩ ላይ ግን አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ እንግዳ ሲጠይቀው «እምቢ» ለማለት የማይመች ሰው ላይ ጥያቄ ማቅረብ በራሱ ከባድ ነው።

እመ ሶስና (ስድስት ኪሎ)

እኔ የምጠይቀው ስለ ሴቶች ነው። የባሻወልዴ ባለቤት አብረው ይሄዳሉና የማይገቡባቸውን ገዳማት ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ወንዶቹ ወደ ላይ ወጥተው እኛ ጀልባው ላይ በፀሐይ ቀርተናል፤ አስጎብኚው አስቀድሞ አልነገረንም ነበር። ለመሆኑ ደቅና ዳጋ አካባቢስ እንዴት ነው?

ነጭሣር (ካዛንቺስ)

እኅቴ እመ ሶስና፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ያለች የሴቶች ገዳም ናት፤ ወንዶቹ ክብራን ሲወጡ ሴቶች እዚያ መሳለም ይችላሉ፣ ጀልባ ነጂውን ቀድሞ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በዘጌ ያሉት እነ ዑራና አዝዋ ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ዳጋ ከውኃው ብድግ ያለች ሾጣጣ ደሴት ናት፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲለደስ አፅም ያረፈው በዚያ ነው። ባሻወልዴ፣ አባትዎና እርስዎ ወደዚያ ስትወጡ ባለቤትዎና ልጆቹ ናርጋ ሥላሴ ቢሄዱ ማንም አይከስርም፤ እንዲያውም ከሁለቱ ምረጪ ብባል ናርጋን እመርጣለሁ። ናርጋ ከደቅ ደሴት ጋር የተያያዘች ስትሆን ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች፤ ከእግሯ ሥር በአበባ ያጌጠ ልብስ የለበሱ አንዲት ሴት በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። እርሳቸው ምንትዋብ ናቸው። አገር ሲገዙ የነበሩ ንግሥት በራሳቸው ገንዘብ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ራሳቸውን ከሥዕሉ ሁሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ አሥለዋል፤ ያለ አስተርጓሚ የሚገባ ነገር ነውና ልጆቹን ጠጋ አድርገው ያሳዩአቸው።

ከበዓል ቀን ጋር እንዳይገጥሙም ያስቡ። በጥር 7 ሥላሴ ስለሚከበር ወደ ናርጋ የሚሻገረው ምእመን ብዙ ነው፤ ለበዓሉ ብለው ከሄዱ ያማረ ነው፣ ተረጋግቼ ሥዕል ልይ ካሉ ግን ቀኑን ያሳልፉት።

መሐንዲሱ (ሜክሲኮ)

ሁላችሁም ስለ መንደርና ስለ ገዳም ጻፋችሁ፤ እኔ ስለ ውኃው ልጻፍ፣ ምክንያቱም የመርከቡን ጉዞ የሚወስነው ውኃው ነው።

ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ወይም 15 ሜትር ቢሆን ነው። ይህም ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ቶሎ ይናወጣል። ማለዳ ላይ መስተዋት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ያነሣል፤ መርከቡ ይችለዋል፣ ትንንሹ ጀልባ ግን ተሳፋሪውን ያረጥበዋል፣ ለታንኳ ደግሞ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ በትንሽ ነገር የሚደረግ ጉዞ ሁሉ ከአምስት ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የውኃው ከፍታ በትንሹ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይርቃል፣ መርከቡም ወደብ መድረስ ያቅተዋል። መርከቦቹ ለመንቀሳቀስ የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1785 ሜትር እንዳይወርድ ያስፈልጋቸዋል። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡም አንሶ፣ በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውኃ በዝቶ ሐይቁ ከዚያ በታች ወረደ፤ መርከቦቹም አራት ወር ያህል ቆሙ። ያን ጊዜ የደቅና የምዕራቡ ዳርቻ ነዋሪ እህሉን ገበያ የሚያደርስበት ሌላ ቀላል መንገድ አልነበረውም።

የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ መውጫ በሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ሆኗል። ቁንዝላ ስታድሩ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው በዚያው በኩል ነው። ውኃው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ ወደ በለስ ሸለቆ ይወርዳል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሜክሲኮ አደባባይ የሚበራው መብራት ከዚያ ሐይቅ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ መንደሮቹን ስታዩ ግን ሁሉም መብራት አላቸው ብላችሁ አትጠብቁ።

ሐይቁ ሞልቶ የሚገኘው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጥር ለመርከብ አያሰጋም። ሌላው ችግር እምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የታወቀው ይህ አረም በብዛት የያዘው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን፣ በተለይም መገጭና ርብ የሚገቡበትን አካባቢ ነው። እናንተ የምትሄዱት በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከፊታችሁ አይቆምም፤ ጎርጎራ አጠገብ ግን ልታዩት ትችላላችሁ።

አንድ ምክር ለወላጆች። ልጆቹ ውኃ ውስጥ ገብተው እንዳይጫወቱ፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። የወባ መከላከያም አይርሱ።

ልደታ ሰፈር (ልደታ)

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ደሴትና ደንገል ጀልባ ማየት ከሆነ ዝዋይ ቅርብ አይደለም ወይ? ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛዮች በደሴቶቹ ላይ ይኖራሉ፣ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያምም በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ያረፈባት ናት ይባላል። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ እሑድ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

ባሻወልዴ (አራት ኪሎ)

ስለ ዝዋዩ ጥቆማ ወንድሜን ልደታ ሰፈርን አመሰግናለሁ፤ የጣናው መንገድ በዚያ ሰሞን ዝግ ከሆነ የምንሄደው ወደዚያ ነው። ነገር ግን የአባቴ ልብ ያለው ደልጊ ነው።

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ትናንት ማታ ለአባቴ አነበብኩላቸው። በመርከቡ አግዳሚ ላይ ምንም አልተከራከሩም፤ «እኛ የሄድንበት ጊዜማ ማን አግዳሚ አየ፣ ጆንያ ላይ ነው የተቀመጥነው» አሉኝ። በቁንዝላው ማደሪያ ላይ ግን ባለቤቴ ትንሽ ተጨንቃለች። ዕቅዳችን የሚከተለው ነው፦ ዓርብ በአውሮፕላን ባሕር ዳር እንገባለን፤ ቅዳሜ ማለዳ ታንኳ የሚያስሩትን ሰዎች አይተን ቀኑን ዘጌ እንውላለን፤ መርከቡ ካለ እሑድ ተሳፍረን ሰኞ ጎርጎራ እንገባለን። ዳጋንና ናርጋን በመርከቡ ቆይታ ማየት የማይቻል ከሆነ ለብቻው በጀልባ መሄድ ይኖርብናል ማለት ነው፤ ይህ አንድ ቀን ይጨምራል። ወይስ ከጎርጎራ መመለስን ትታችሁ ደቅ ላይ እደሩ የሚል አለ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። አባቴ ደልጊ ወርደው ለማደር ይፈልጋሉ። እንዴት ይታያችኋል?

ነጭሣር (ካዛንቺስ)

ጋሼ ደልጊ ወርደው ቢያድሩ ቀጣዩ መርከብ በሳምንቱ ስለሚመጣ ከዚያ በየብስ መውጣት ግድ ይሆንባችኋል፤ የየብሱ መንገድ በዚያን ጊዜ ያለበት ሁኔታ ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ እንዲያድሩ አልመክርም። መርከቡ ጭነት ሲያራግፍ ወርደው ለመነጋገር የሚበቃ ጊዜ ያገኛሉ፤ ካፒቴኑን ማለዳ ቁንዝላ ላይ ቀርበው «አባቴ ዘማች ነበሩ፣ ደልጊ ላይ የሚያውቁትን ይጠይቃሉ» ብለው ቢነግሩት ጥሩምባውን ከመንፋቱ በፊት ሳያይዎት አይቀርም። በዚያ ዳርቻ የዘመቻውን ጊዜ የሚያስታውስ አዛውንት ወደቡ አካባቢ ላይጠፋ ይችላል፤ ጋሼም የዘመቱባትን ቀበሌና አብረዋቸው የነበሩትን ገበሬዎች ስም በወረቀት ይዘው ቢሄዱ ፍለጋው ይቀልላል።

ስለ ዳጋና ናርጋ፣ በመርከቡ ቆይታ አይዳረስም። ቅዳሜን ለዘጌ ከሰጣችሁ ሐሙስ ግቡና ዓርብን ለደቅ አድርጉት፤ ርቀቱ ለትንሽ ጀልባ ረጅም ስለሆነ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አለባችሁ፣ ጀልባውም ሁለት ሞተር ያለው ቢሆን እመርጣለሁ። ደቅ ላይ ልጆችና አዛውንት ይዞ ማደርን አልመክርም።

የዘጌ ቡና (ሠራተኛ ሰፈር)

ቅዳሜ ስለምታገኙት ታንኳ ሠሪ የአጎቴ ልጅ ባሕር ዳር ስላለ በውስጥ መልእክት አገናኛችኋለሁ፤ ሠሪዎቹ የሚስማሙበትን ዋጋ ቀድሞ ይጠይቅላችኋል፣ ቸርችል ያነሣውንም ጉዳይ ከእነርሱ አፍ ብንሰማው ይሻላል፤ «አንሳፍርም» ካሉ እርሱም መልስ ነው። ለምሳ ዘጌ ላይ ምግብ ቤት ፍለጋ አትድከሙ፤ ከባሕር ዳር ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ቀረሶ ጠብሶ የሚያቀርብ ቤት እንዲያዘጋጅላችሁ ማለዳ ንገሩ።

መሐንዲሱ (ሜክሲኮ)

የረሳሁት አንድ ነገር ነው። ለልጆቹ የሚሆን ላይፍ ጃኬት ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ሂዱ። በጀልባዎቹ ላይ ያለው አብዛኛው ለትልቅ ሰው የተሠራ ስለሆነ ለልጅ ሲያለብሱት በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል፤ በመርከቡም ላይ ቢሆን እስክትወርዱ ድረስ አታውልቁላቸው።